ጨሌ አይደለም፣ ካንዲ ነው

ግንቦት ሲቃረብ የሚደርሰኝ ደብዳቤ የፋሲካ ዋዜማ ገበያ ይመስላል። ላስ ቬጋስ ያላችሁ ምክንያቱን ታውቃላችሁ። ለሌሎቻችሁ ላስረዳ። ኢ.ዲ.ሲ. (ኤሌክትሪክ ዴዚ ካርኒቫል) የሚባለው የኤሌክትሮኒክ ዳንስ ሙዚቃ ፌስቲቫል እዚህ በየዓመቱ ይካሄዳል። ቦታው ከከተማው ወጣ ብሎ ያለው የመኪና እሽቅድምድም ሜዳ ነው። ሦስት ሌሊት፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ ንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል። በአንዱ ሌሊት ብቻ ከ100,000 በላይ ሰው ይገባል። ያ ሁሉ ሰው ደግሞ የሆነ ነገር መልበስ አለበት። አንዳንዱ በጣም ትንሽ ነገር።

እኔ ስፌት የተማርኩት ሽሮ ሜዳ ነው። እዚህ ቀን ቀን የሆቴል ሠራተኞች ዩኒፎርም አስተካክላለሁ። ማታ ደግሞ ጋራዤ ውስጥ ለራሴ ደንበኞች እሰፋለሁ። ሚያዝያና ግንቦት ላይ ጋራዡ በሚለጠጥ ሊክራ፣ በቬሎ ጨርቅና በላባ ይሞላል። ፌስቲቫሉ ባለቀ ማግስት ልብሶቹ ለጥገና ወደ እኔ ይመለሳሉ። የተመለሰ ልብስ ይናገራል። ወገቡ ላይ የደረቀ የላብ ጨው፣ ጠርዙ ላይ የበረሃ አቧራ፣ መቀመጫው ላይ የተተረተረ ስፌት። ስለዚህ ልብስ ሲያሳዩኝ መስተዋት ፊት ማማሩን አልጠይቅም። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ምን ይሆናል ብዬ ነው የማየው። የዘንድሮ ጥያቄዎቻችሁን እነሆ።

ጥያቄ፦ እህቴ፣ እንደምን ከረምሽ? የ19 ዓመት ልጅ አለችኝ። አልጋዋን ሳነጥፍ ትራሷ ሥር አንድ ከረጢት ሙሉ ጨሌ አገኘሁ። ቀይ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ፣ ያልተገኘ ቀለም የለም። ሁሉም በላስቲክ ተሰክቷል። ልቤ ቀጥ አለ። አገር ቤት ጨሌ የሚያስሩት ለምን እንደሆነ ታውቂያለሽ። ጠበል ልወስዳት ስነሳ «ማሚ፣ ለፌስቲቫል ነው እኮ» አለችኝ። የምትለብሰውንም አሳየችኝ። ልብስ አትበይው፣ መሐረብ ነው። ምን ላድርግ?
እናት፣ ከላስ ቬጋስ

መልስ፦ እህቴ፣ ጠበሉን ለጊዜው አቆይው። ያገኘሽው ካንዲ ይባላል። ከፕላስቲክ ዶቃ የሚሠራ አምባር ነው። እኔም መጀመሪያ ሳየው ያሰብኩት አንቺ ያሰብሽውን ነው። አንዲት ደንበኛዬ ከአንጓዋ እስከ ክርኗ ደርድራው መጣች። ስለካት እጄ ዶቃውን እንዳይነካ ስጠነቀቅ አየችኝ። የወደድኩት መስሏት አንዱን አውልቃ ልትሰጠኝ እጇን ዘረጋች። እኔ በስመ አብ ብዬ ወደ ኋላ!

አሰጣጡ ሥርዓት አለው። ሁለቱም ሰዎች ሁለት ሁለት ጣታቸውን አውጥተው ጫፍ ለጫፍ ያነካካሉ። ይህ ሰላም ነው። ከዚያ እያንዳንዳቸው በአንድ እጃቸው የልብ ግማሽ ሠርተው ያጋጥማሉ። ፍቅር። ቀጥሎ መዳፍ ለመዳፍ። አንድነት። በመጨረሻ ጣታቸውን ያቆላልፋሉ። እጅ ለእጅ እንደተያያዙ አምባሩን በሌላኛው እጅ እየሳቡ ከአንዱ አንጓ ወደ ሌላው ያሻግሩታል። አክብሮት። አራቱን ቃላት በእንግሊዝኛ የመጀመሪያ ፊደላቸውን አጋጥመው «ፕለር» ይሏቸዋል። ልማዱ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ከ1990ዎቹ የአሜሪካ ሬቭ፣ ማለትም ሌሊቱን ሙሉ ከሚጨፈርበት ድግስ ጀምሮ ያለ ነው። በዚህ ሥርዓት የሚሰጥ ካንዲ ዋጋ የለውም፤ ይለዋወጡታል። ለአዋቂ አንጓ ከ25 እስከ 30 ዶቃ ይበቃል። የፊደል ዶቃም ስላለ ስም ወይም ቀልድ ይጽፉበታል። ልጅሽ ከረጢት ሙሉ ከሠራች ስንት ምሽት ቁጭ ብላ እንደሰካች አስቢው። በእሷ ዕድሜ እኔ ጥልፍ ጠልፌ ለማን እንደሰጠሁ ባልነግርሽ ይሻላል።

ወደ መሐረቡ እንምጣ። ይህ ሙዚቃ ሁልጊዜ በመሐረብ አልተጨፈረም። በ1988 እንግሊዝ አገር አሲድ ሃውስ የሚባለው ሲፈነዳ ልጆቹ የሚለብሱት ሰፋፊ ቲሸርት ነበር። ቢጫ የሚስቅ ፊት የታተመበት። መጋዘን ውስጥ ታፍነው ስለሚጨፍሩ ልብሱ ከገላቸው ራቅ እንዲል ይፈልጉ ነበር። በ1990ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ደግሞ መሬት የሚጠርግ ሱሪ መጣ። አንዱ እግሩ ውስጥ እኔና አንቺ ተቃቅፈን እንገባለን። ኢ.ዲ.ሲ. ራሱ በአሁኖቹ አዘጋጆች እጅ በ1997 የተጀመረው ሎስ አንጀለስ ነው። ወደዚህ በረሃ የመጣው በ2011 ነው፣ ያውም በሰኔ ትኩሳት። እኔ እንደማየው ልብሱን ያሳጠረው አንዱ መቀስ ያ ሙቀት ነው። በ2018 ወደ ግንቦት አዞሩት። ሌሊቱ ቀዝቀዝ አለ። ልብሱ ግን ተመልሶ አላደገም።

ስለ ርዝመቱ አትጣያት። ትሸነፊያለሽ። ስለ ሰዓቱ ግን ጠይቂያት። ማታ ስትገባ ሞቋት ነው የምትገባው። ንጋት ላይ ሜዳው ገላጣ ስለሆነ ነፋሱ እንደ መርፌ ይወጋል። በ2019 አንዱን ሌሊት ነፋሱ አይሎ አንዳንድ መድረኮችን ለጊዜው ዘግተዋቸው ነበር። ስለዚህ ተደራደሪ። መሐረቡን ልልበስ ካለች ትልበስ፤ ግን ወገቧ ላይ የምታስረው ስስ ጃኬት ትያዝ። የመረብ ታይት ካደረገች ከሥሩ ቁምጣ ትልበስ። የመረብ ታይት ለብሶ ሣር ላይ የተቀመጠ ሰው ጭኑ ላይ ምን እንደሚታተምበት እኔ አይቻለሁ። ከላይ እስከ ታች አንድ ወጥ የሆነ ልብስ ከሆነ ደግሞ ከሥሩ ሲጫኑት ጠቅ የሚል ቁልፍ ይኑረው። አለበለዚያ በዚያች የፕላስቲክ ሽንት ቤት ውስጥ በጨለማ ሙሉ በሙሉ ልታወልቅ ነው። በጀርባ የሚታዘለውን የውኃ ቦርሳ ባዶውን ይዛ ትግባ፣ ውስጥ ትሞላዋለች። የተከለከሉ ነገሮችን ዝርዝር ሄዳ በር ላይ ከምትማረው ቤት ሆና ታንብበው።

ሌላው፣ ልብሷን አይተሽ ስለ ጠባይዋ አትደምድሚ። ማን ጋር እንደምትሄድ፣ በምን እንደምትመለስ ጠይቂያት። እሱ ላይ ከተንተባተበች ያኔ ተጨነቂ።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ እኔ ታክሲ ነጂ ነኝ። ፌስቲቫሉ ሲያልቅ ንጋት ላይ ሥራው ጥሩ ነው፣ ተመስገን። ችግሬ ብልጭልጩ ነው። ባለፈው ዓመት ያሳፈርኳቸው ልጆች ወንበሩ ላይ የተዉት እስከ መስቀል አልለቀቀም። ቅዳሴ ስሄድ ነጠላዬ ላይ ያበራል። ባለቤቴ «የት አድረህ ነው?» ማለት ጀምራለች።
ሹፌሩ

መልስ፦ ወንድሜ፣ እኔም ብሆን እጠይቅህ ነበር። ብልጭልጩ ስስ ብረት የተቀባ ፕላስቲክ ነው። በእርጥብ ጨርቅ ስትጠርገው ትተክለዋለህ እንጂ አታነሳውም። ወንበሩ ደረቅ ሆኖ ሳለ ሰፋ ያለ ፕላስተር የሚጣበቀውን ወደ ውጭ አድርገህ እጅህ ላይ ጠቅልል። ጫን፣ አንሳ፣ ጫን፣ አንሳ። ከዚያ ቫኪዩም። ስፌቱ ውስጥ የተወሸቀውን የጎማ ጓንት አጥልቀህ ወደ አንድ አቅጣጫ አብሰው፣ ይሰበሰብልሃል። ነጠላህንም በፕላስተሩ አስነካው እንጂ ከሌላ ልብስ ጋር ወደ ማሽን አታስገባው። ለቤተሰቡ ሁሉ ታካፍላለህ። ለዘንድሮ የኋላ ወንበርህ ላይ አሮጌ የሳቲን አንሶላ አንጥፍ። ጥጥ ይይዘዋል፣ ሳቲን ላይ ይንሸራተታል። ንጋት ላይ በአራቱ ጫፍ ሰብስበህ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ታራግፈዋለህ። የአውሮፓ ኅብረት እንዲሁ የሚነሰነሰውን የፕላስቲክ ብልጭልጭ ሽያጭ ከ2023 ጥቅምት ጀምሮ ከልክሏል። የፊት መዋቢያ ውስጥ ለሚገባው ግን ጊዜ ሰጥተውታል። እኛ ጋ እስኪደርስ አንሶላው ይሻልሃል።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ከዳላስ ነኝ። ጃኬቴ ላይ 3 ሜትር የኤል ኢ ዲ መብራት ራሴ ሰፋሁ። ቤት ውስጥ ሳበራው አንደኛ ነበር። ቦታው ላይ ግን ሁለት ሰዓት እንኳን ሳይሞላ ድርግም አለ። ፓወር ባንኩ 10,000 ሚሊ አምፔር ሰዓት ይላል። ምን አጠፋሁ?
ጨለማው ጃኬት

መልስ፦ ነጭ አድርገህ፣ ብርሃኑን እስከ ጥግ ከፍተህ ነው አይደል? ሁሉም እንደዚያ ነው የሚጀምረው። በሜትር 60 መብራት ያለው ዓይነት ከሆነ 180 መብራት ለብሰሃል። እያንዳንዱ ሙሉ ነጭ ሲሆን እስከ 60 ሚሊ አምፔር ይበላል። አባዛው፣ ከ10 አምፔር በላይ ነው። ኪስህ ውስጥ ያለው ፓወር ባንክ የሚሰጥህ 2 ወይም 3 አምፔር ነው። 10,000 የሚለውም ቁጥር ውስጡ ላለው ባትሪ በ3.7 ቮልት የተለካ ነው። 5 ቮልት ሆኖ ሲወጣ ወደ 6,500 ይወርዳል። ሁለት ሰዓት ገደማ መቆየቱም ቆይቷል።

መፍትሔው ትልቅ ባትሪ መሸከም አይደለም። ብርሃኑን 20 በመቶ ላይ አድርገው። በጨለማ ውስጥ ለዓይን ብዙም አይለይም። ነጩን ተወውና ቀይ ወይም ሰማያዊ አብራ። ነጭ ማለት ሦስት መብራት አብሮ ማብራት ነው፣ ቀይ አንዱን ብቻ። እንዲህ ካደረግህ 7 ሰዓት ያህል ያደርስሃል።

ስፌቱ ላይም አንድ ነገር ልንገርህ፣ በራሴ የደረሰ ስለሆነ። የመጀመሪያዋን ባለመብራት ቀሚስ ስሠራ ሽቦውን በቀጥታ ገበሩ ላይ ሰፋሁት። ወገቡን አዙሬ ወደ ታች ለቀቅኩት። አምሮ ነበር። ልጅቷ ለብሳው ሄደች። እዚያ ደርሳ አንዴ ቁጭ አለች፣ ወገቡ ላይ የነበረው ብየዳ ቀጭ አለ። ከወገብ በላይ የገና ዛፍ፣ ከወገብ በታች መብራት የጠፋበት ሰፈር። ገንዘቧን መለስኩላት። ከዚያ ወዲህ መብራቱ ክርን፣ ብብትና ወገብ ላይ አያልፍም። ማለፍ ግድ ከሆነ እዚያ ጋ ይቆረጥና ልል ሽቦ ይገባበታል። መብራቱንም ልብሱ ላይ አልሰፋውም። ስስ ቱቦ ከጨርቅ እሰፋና ውስጡ አስገባዋለሁ። ሲታጠብ ይወጣል። ካልታጠበ ደግሞ በሦስተኛው ሌሊት አጠገብህ የሚጨፍር አታገኝም።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምጽፍልዎት። 24 ዓመቴ ነው። አያቴ ትታልኝ ያለፈች የሐበሻ ቀሚስ አለኝ። እሱን ከላይ አጭር ቶፕ፣ ከታች ቁምጣ አሠርቼ ለብሼው ልሄድ አስቤ ነበር። እናቴ ሰምታ አኮረፈች። እርስዎስ ምን ይላሉ?
የአያቷ ልጅ

መልስ፦ መቀሱን አስቀምጪ፣ የኔ ልጅ።

የእናትሽ ኩርፊያ የእናትሽ ነው፣ እሱ ውስጥ አልገባም። የኔ ምክንያት የሰፊ ነው። የአያትሽ ቀሚስ በእጅ የተፈተለ ፈትል ከሆነ ሽመናው ልል ነው። ሲቆረጥ ጠርዙ ይተረተራል። ጠርዙን በኦቨርሎክ ማሽን ብንዘመዝመውም ላብ ሲጠጣ ይከብድና ይንጠለጠላል። ገላ ላይ የሚጣበቅ ልብስ የሚለጠጥ ጨርቅ ይፈልጋል፣ ፈትል ደግሞ አይለጠጥም። እጅሽን ወደ ላይ ባነሳሽ ቁጥር ብብቱ ይሳሳል። እስክስታ ከሞከርሽማ አለቀለት። ትሞክሪያለሽ ደግሞ። ሮፍናን ኤሌክትሮኒኩን ከአገር ቤት ምት ጋር ካጋባው ወዲህ እዚህ ያሉት ልጆች ትከሻቸው አያርፍም።

ጥለቱን ብቻ እንጠቀም። የአያትሽን አይደለም፤ አገር ቤት ሰው ካለሽ ከሽሮ ሜዳ ጥለት ብቻውን ገዝቶ ይላክልሽ። ባለፈው ዓመት ለአንዲት ልጅ የሠራሁትን ልንገርሽ። ቶፑና ቁምጣው ጥቁር ሊክራ ናቸው። ቶፑ ላይ አራት ጣት ስፋት ያለው ጥለት ከደረቷ ሥር ዞሯል። ጥለት ስለማይለጠጥ ዙሪያውን ብንሰፋው መተንፈስ አትችልም። ስለዚህ ከፊት ብቻ ሰፋሁት፣ ጀርባው ላይ ሊክራው ነፃ ሆኖ ቀረ። ለቁምጣው ጥለቱን ቀበቶ አደረግሁት፣ በጎን በመንጠቆ የሚያያዝ፣ ስትፈልግ የምታወልቀው። ከላይ ደግሞ አጭር ካባ ነገር ሠራሁላት፣ ከስስ ጥቁር ጨርቅ፣ ጠርዙ በጥለት የተዘመዘመ። ንጋት ላይ የምትደርበው እሱን ነው። ከሩቅ ስትመጣ ሐበሻ መሆኗ ይታወቃል፣ ከቅርብ ደግሞ የምትጨፍርበት ልብስ ነው።

ራስሽ ልትሰፊው ከሆነ ሊክራን በቀጥታ ስፌት አትስፊ። በዚግዛግ ስፊው፣ መርፌውም ለሚለጠጥ ጨርቅ የተሠራው፣ ጫፉ ድቡልቡሉ ይሁን። በቀጥታ ስፌት ከሰፋሽው የመጀመሪያው ዝላይ ላይ ክሩ ጠጥ ጠጥ እያለ ሲበጠስ ሙዚቃው መሐል ይሰማሻል።

አንድ ነገር ግን አልሠራም። መስቀል ያለበትን ጥለት ቁምጣ ላይ አልሰፋም። ደንበኛ ለምኖኝ ያውቃል፣ እጥፍ እከፍላለሁ ያለኝም አለ። ክርክር አልገጥምም፣ እጄ አይሄድልኝም፣ በቃ። የአያትሽን ቀሚስ ለእንቁጣጣሽ ልበሺው። ከጠበበሽ አምጪው፣ ጎኑን በነፃ እለቅልሻለሁ።

ጥያቄ፦ እትዬ ሰላም። ዴንቨር ነው የምኖረው። ጓደኞቼ ሁሉ የሆነ እንስሳ ለብሰው ነው የሚመጡት። እኔ ደግሞ በሐበሻ ጀግና መምጣት ፈለግሁ። ጎፈር፣ ጋሻና ጦር። ይቻላል?
አንበሳው

መልስ፦ ጦሩ በር ላይ ይቀራል። ከተከራከርክ አንተም አብረኸው ትቀራለህ። ጋሻውንም ከስፖንጅ ብትሠራው እንኳን በዚያ ሰው መሐል ስትሸከመው ማደርህ ነው። ጎፈሩ ግን ይቻላል።

መጀመሪያ ስለ ትርጉሙ። በ2014 ባስ ኮስት የሚባል የካናዳ የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ፌስቲቫል ሰዎች የቀደምት ሕዝቦችን የላባ ዘውድ አድርገው እንዳይመጡ ከልክሏል። ያ ላባ በእነዚያ ሕዝቦች ዘንድ በሥራ የሚገኝ ክብር ነው፣ ከሱቅ ተገዝቶ የሚደረግ ጌጥ አይደለም። የኛም ጎፈር እንዲሁ ነበር። የገደለ ነው የሚያደርገው። የራስህ ስለሆነ ማንም አይከለክልህም። አንድ የሐበሻ ሽማግሌ ፓርኪንግ ላይ አግኝተው «ልጄ፣ ምን ጥለህ ነው?» ቢሉህ ግን መልስ አዘጋጅ።

አሠራሩ ላይ ደግሞ ጸጉራም ጨርቅ በመቀስ አይቆረጥም። ጸጉሩ አብሮ ይቆረጥና የተላጨ በግ ይመስላል። ገልብጠህ ጀርባውን ብቻ በምላጭ ብጣው፣ ከዚያ በእጅህ ለያየው። ከሥሩ ሙሉ ኮፍያ አታድርግ፣ ራስህ ይቀቀላል። ወንፊት የመሰለ የስፖርት ኮፍያ ላይ ዙሪያውን ብቻ ስፋው፣ አናቱ ክፍት ይሁን። ሲሞቅህ አውልቀህ ወገብህ ላይ የምታንጠለጥልበት ማንጠልጠያም አብጅለት።

ጥያቄ፦ ከፍራንክፈርት ነኝ። ጓደኞቼ በርሊን በርግሃይን ክለብ ሊወስዱኝ ነው። ብልጭልጭ ቀሚስ ገዝቻለሁ። ይሆናል?

መልስ፦ ቀሚሱን ለሰርግ አቆዪው። እዚያ አብዛኛው ሰው ጥቁር ነው የሚለብሰው፣ ጫማውም የሚቆሙበት ጫማ ነው። በሩ ላይ ፊቱን ተነቅሶ የምታዪው በረኛ ስቬን ማርክዋርት ራሱ ፎቶ አንሺ ነው፣ ዓይኑ ለፎቶ የለበሰን ሰው አይስትም። ስልክሽ ካሜራ ላይ ተለጣፊ ይለጥፉበታል፣ ስለዚህ ፎቶ የለም። ካልገባሽም አትዘኚ፣ ሰልፉ ብቻውን ታሪክ ነው።

ጥያቄ፦ እህቴ፣ 52 ዓመቴ ነው። ልጆቼ «አንቺም ነይ» ብለው ለኢ.ዲ.ሲ. ትኬት ገዙልኝ። ሰው ምን ይለኛል? ምን ልልበስ? ጉልበቴንም ያመኛል።
የፈራች

መልስ፦ ማንም ምንም አይልሽም። እኔ ሄጄ አይቻለሁ። የሰፋሁት ልብስ እንዴት እንደሚንቀሳቀስ ለማየት ነው ብዬ ሄድኩ። ሐቁ እሱ ብቻ አልነበረም፣ ግን ለባለቤቴ የነገርኩት ያንን ነው። ሰፊ የበፍታ ሱሪ፣ እጅጌው ረዘም ያለ ሸሚዝ፣ የሥራ ስኒከሬ። ያን ቀን ያደረግኩት ብልጭልጭ አንድ ነጥብ ነበር፣ ልጄ ግንባሬ ላይ የለጠፈችልኝ።

አዲስ ጫማ እንዳታደርጊ። ቢያንስ ሁለት ሳምንት የሄድሽበት ይሁን፣ ካልሲውም ወፍራም። የጆሮ መድፈኛ ግዢ። የአሜሪካ የሥራ ደኅንነትና ጤና ምርምር ተቋም እንደሚለው ለ85 ዴሲቤል ድምፅ ገደቡ በቀን 8 ሰዓት ነው፣ 100 ሲደርስ ግን 15 ደቂቃ ብቻ ነው። መድረኩ አጠገብ ከዚያም ያልፋል። የሙዚቃ መድፈኛ የሚባለው ድምፁን ይቀንሳል እንጂ አያፍነውም፣ ልጆችሽ ሲጠሩሽ ትሰሚያለሽ። በየመሐሉ ሣሩ ላይ ተቀመጪ። ሁሉም ይቀመጣል፣ የ20 ዓመቱም።

ከሌሊቱ 8 ሰዓት ገደማ ተቀምጬ ሳለ አንድ ክንፍ ያደረገ ልጅ መጥቶ ሁለት ጣቱን ዘረጋልኝ። በዚህኛው ጊዜ ወደ ኋላ አላልኩም። አምባሩ ላይ በፊደል ዶቃ «ማም» ይላል። ለእናቱ ሠርቶት ይሁን ለኔ ብጤ አላውቅም። አሁን የስፌት መኪናዬ መብራት ላይ ተንጠልጥሏል።

የምትደርቢውን ጃኬት ግን አሳዪኝ። ኪሱ ውስጥ ዚፕ ከሌለው ስልክሽ እዚያ ይቀራል። አምጪው፣ እሰፋልሻለሁ። ሐሙስ ብቻ አትምጪ፣ ሐሙስ ሦስት ቢራቢሮና አንድ ቀጭኔ ቀጥሬያለሁ።